በቤት የተማረ ልጅ ለአሜሪካ ኮሌጅ ሲያመለክት ወላጅ ምን ማዘጋጀት አለበት?

አሜሪካ ውስጥ በመደበኛ ትምህርት ቤት የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለኮሌጅ ሲያመለክት ከጀርባው አንድ ቢሮ ይሠራለታል። ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የሃይስኩል ውጤት ማስረጃውን፣ ይልካል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚያስረዳ ጽሑፍ ያያይዛል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የግማሽ ዓመቱን ውጤት፣ ዓመቱ ሲዘጋ የመጨረሻውን ይልካል። በሆምስኩል የሚማር ልጅ ግን ቢሮው እናትና አባቱ ናቸው።

ሜሪላንድም ይሁን ቨርጂኒያ፣ አትላንታም ይሁን ሲያትል ልጆቹን ቤት የሚያስተምር የሐበሻ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኮሌጅ ይቀበለዋል ወይ?" ብሎ ነው። ይቀበለዋል። ከየስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤምአይቲ ድረስ በሆምስኩል የተማሩ ልጆች ያመለክታሉ፣ ይገባሉም። ጂኢዲ የሚባለውን፣ የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካውን ፈተና መውሰድም በአብዛኛው አያስፈልግም። ልጁን የሚያስቸግረው፣ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የአራት ዓመት ሥራውን የሚያሳይ ወረቀት ቤት ውስጥ ሳይኖር ሲቀር ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ልጃችሁ አሁን 11ኛ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ደብተሮቹ፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝርና የፈተና ወረቀቶቹ እስካሉ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ መመዝገብ ይቻላል። በትዝታ ብቻ የተጻፈ መዝገብ ግን አንድ ጥያቄ ሲነሳበት መልስ ያጣል።

የስቴቱ ወረቀት

የሆምስኩል ሕግ በየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ለአካባቢው የትምህርት ሱፐርኢንተንደንት ማስታወቂያ እንዲገባ ይፈልጋል፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ እስከ ኦገስት 1 ይቀርባል። ሜሪላንድ ማስተማር ከመጀመሩ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው እንዲነገር ይጠይቃል፤ ከዚያ ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ሊገመግም ይችላል፣ ወይም ቤተሰቡ አምብሬላ በሚባል ተቋም ቁጥጥር ሥር ይሆናል። ጆርጂያ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ዋሽንግተን ስቴት እስከ ሴፕቴምበር 15 በየዓመቱ መግለጫ ይቀበላሉ።

የላካችሁትን ቅጂና የተመለሰላችሁን ማረጋገጫ በዓመት በዓመት ለይታችሁ አስቀምጡ። ልጁ ገና ተማሪ ሳለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የአካባቢው የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ሲመዘገብ ይጠየቃል፤ የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ሲመጣም ትምህርቱ በስቴቱ ሕግ መሠረት መሆኑ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የ12ኛ ክፍሉ ነው፤ ልጁ 18 ዓመት ሊሞላው ሲል ወላጅ "ከእንግዲህ ምን ያደርጋል" ብሎ ይተወዋል። አትተዉት።

ትራንስክሪፕቱ

ትራንስክሪፕት አንድ ገጽ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ከላይ የልጁ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ የሆምስኩላችሁ ስምና የወላጅ ስልክ ይሰፍራል። መሐሉ ላይ ከ9ኛ እስከ 12ኛ በየዓመቱ የተወሰደው ትምህርት፣ ክሬዲቱና ውጤቱ ይዘረዘራል። ግርጌው ላይ ጠቅላላ ክሬዲት፣ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት)፣ የማርክ አሰጣጡ፣ የምረቃ ቀን፣ የወላጅ ፊርማና የተፈረመበት ቀን ይገባል። አንዳንድ ኮሌጅ ኖተራይዝ የተደረገ ይፈልጋል፤ ካልጠየቀ አያስፈልግም።

የአንድ ክሬዲት ልማዳዊ መለኪያ 120 ሰዓት ሥራ ነው። ላብራቶሪ ያለው ሳይንስ ከዚያ ይበልጣል። ሌላው መንገድ በአንድ ዓመት የሚያልቅ የሃይስኩል መጽሐፍ አብዛኛውን ክፍል መጨረስ ነው፤ የሒሳብ መጽሐፍ ሲሆን ይህኛው ሰዓት ከመቁጠር ይሻላል። ግማሽ ዓመት የሚፈጀው 0.5 ይሰጠዋል። ጥሩ ኮሌጅ የሚጠብቀው በጥቅሉ እንግሊዝኛ 4 ዓመት፣ ሒሳብ ከ3 እስከ 4፣ ሳይንስ ከ3 እስከ 4፣ ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ 3፣ የውጭ ቋንቋ ከ2 እስከ 3 ዓመት ነው። ልጁ ኢንጂነሪንግ ከፈለገ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ክፍተት አይኑር፤ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ለመድረስ 9ኛ ክፍል ላይ ቢያንስ ጂኦሜትሪ መጀመር አለበት።

ጂፒኤ ሲሰላ የእያንዳንዱ ውጤት ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል፣ ይደመራል፣ ለጠቅላላ ክሬዲቱ ይካፈላል። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነው። በአንድ ዓመት እንግሊዝኛ ኤ፣ አልጀብራ 2 ቢ፣ ባዮሎጂ ኤ፣ የዓለም ታሪክ ቢ፣ አማርኛ ኤ እያንዳንዳቸው 1 ክሬዲት፣ ስፖርት ኤ 0.5 ክሬዲት ቢሆኑ፣ ነጥቡ 4+3+4+3+4+2 = 20 ይሆናል። ክሬዲቱ 5.5 ስለሆነ ጂፒኤው 3.64 ነው። ተደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ግማሽ ክሬዲቷን እንደ ሙሉ ቆጥሮ ለ6 ማካፈል ነው። ለከባድ ትምህርት ተጨማሪ ነጥብ መስጠት ብትፈልጉ ተጨማሪው የሌለበትንም ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ብዙ ኮሌጆች በራሳቸው መንገድ ደግመው ስለሚያሰሉት ግን ድካሙ እምብዛም አያዋጣም።

የትምህርቱን ስም ሰው በሚያውቀው ስም ጥሩት፦ "አልጀብራ 2"፣ "ኬሚስትሪ ከላብራቶሪ ጋር"፣ "የአሜሪካ ታሪክ"። የመጽሐፉን ስም እንደ ትምህርት ስም አትጻፉ። "ኤፒ" (በሃይስኩል የሚሰጥ በኮሌጅ ደረጃ ያለ ትምህርት) የሚለውን ቅጥያ መጠቀም የሚቻለው የትምህርቱ ዝርዝር የኤፒና የኤስኤቲ ፈተናዎች ባለቤት በሆነው ኮሌጅ ቦርድ ሲጸድቅ ብቻ ነው። ሆምስኩል የሚያስተምር ወላጅም ዝርዝሩን አስገብቶ ማስጸደቅ ይችላል። ሳታስጸድቁ ካስተማራችሁ የትምህርቱን ስም ያለ ቅጥያው ጻፉ፤ ልጁ ፈተናውን ከወሰደ ውጤቱ ራሱ ይናገራል።

አማርኛን በተመለከተ፣ ልጁ ቤት ውስጥ ስለሚናገረው ብቻ ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ተብሎ አይጻፍም። ፊደሉን ቆጥሮ ካነበበ፣ ድርሰት ከጻፈ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከተረጎመ፣ ሰዋስው ከተማረ ግን ትክክለኛ ትምህርት ነው፤ ክሬዲት ይገባዋል። የወላጅን ማርክ ሌላ ሰው ሲያረጋግጠው ደግሞ የበለጠ ይታመናል። አቫንት ስታምፕ የሚባለው የቋንቋ ብቃት ፈተና ለአማርኛ የመጻፍና የመናገር ፈተና አለው። ውጤቱን ከማመልከቻው ጋር መላክ ይቻላል፤ ኮሌጁ የቋንቋ መስፈርቱ በዚያ ተሟላ ብሎ ይቀበል እንደሆነ ግን ቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡ። ከመሪጌታ ግዕዝ ወይም ዜማ የሚማር ልጅ ካለ፣ ሰዓቱና የተማረው በግልጽ እስከተመዘገበ ድረስ እንደ ምርጫ ትምህርት ሊያዝ ይችላል። ከሁለት አንዱን ምረጡ፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ክሬዲት የወሰደው ነገር በእንቅስቃሴዎች ዝርዝር ላይ እንደገና መቆጠር የለበትም።

ልጁ 9ኛን ኢትዮጵያ ተምሮ የመጣ ከሆነ፣ ያንን ዓመት እናንተ ማርክ እንደሰጣችሁ አድርጋችሁ አታስገቡት። ከነበረበት ትምህርት ቤት ማኅተም ያለው ውጤት አስመጡ፣ በራሳችሁ ትራንስክሪፕት ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ጠቅሳችሁ ለብቻው ክፍል አድርጉለት። ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉት፤ የ2015 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን 2022–23 ማለት ነው። ይህን ካልቀየራችሁት ማመልከቻውን የሚያነበው የኮሌጁ ሰው ልጁን በሰባት ዓመቱ ሃይስኩል የገባ አድርጎ ይቆጥረዋል ወይም ወረቀቱን ይጠራጠራል። አንዳንድ ኮሌጆች የውጭ አገር ውጤት በገምጋሚ ድርጅት እንዲገመገም ይጠይቃሉ፤ ሳምንታት ስለሚወስድ ከ12ኛ ክፍል በፊት ባለው ሰመር ጀምሩት።

ስም ላይ የእኛ ቤተሰብ የራሱ ጣጣ አለው። ልጁ የሚጠራው በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ነው፤ እናቱ ደግሞ በራሷ አባት። ትራንስክሪፕቱን የምትፈርመው እናት ከሆነች፣ የቤተሰብ ስም ስለማይጋሩ የኮሌጁ ቢሮ ማን እንደሆነች ግራ ይገባዋል። ከፊርማዋ ሥር "እናት እና አስተማሪ" ተብሎ ይጻፍ። የልጁ ስም አጻጻፍም ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ላይ እንዳለው ሆኖ፣ ትራንስክሪፕት ላይም፣ ፈተና ምዝገባ ላይም፣ ማመልከቻ ላይም፣ ፋፍሳ (የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ላይም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ጽዮን የሚለው ስም ብቻ በእንግሊዝኛ ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል። ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ከሆነ የፈተናው ውጤት ከማመልከቻው ጋር ሳይገናኝ ይቀርና "ማመልከቻዎ አልተሟላም" የሚል ኢሜይል ይመጣል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ፤ የሚሠራው ግሪን ካርዱ ወይም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው።

የምረቃ ቀኑን ደግሞ አስባችሁ ወስኑ። ከምረቃ በፊት የተወሰደ የኮሌጅ ኮርስ በአብዛኛው ልጁን ከአዲስ ገቢነት አያወጣውም። ትራንስክሪፕቱ በዲሴምበር ተመረቀ ካለና ልጁ በጃንዋሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከተማረ ግን፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ትራንስፈር (ከሌላ ኮሌጅ የተዛወረ) ተማሪ ይቆጥሩትና ለአዲስ ገቢዎች የተመደበው ስኮላርሺፕ ያመልጠዋል። ሜይ ወይም ጁን መጻፍ ከዚህ ይጠብቃል።

የትምህርቶቹ መግለጫ

ትራንስክሪፕቱ "ባዮሎጂ፣ 1 ክሬዲት፣ ኤ" ይላል። አንባቢው ኤው ከምን እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትምህርት ከአራት እስከ ስድስት መስመር መግለጫ ይጻፋል፦ ምን ምን ርዕስ እንደተሸፈነ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ ማን እንዳስተማረ፣ ማርኩ ከምን እንደተሰጠ። ለባዮሎጂ ለምሳሌ፦ "የሕዋስ አሠራር፣ ዘረመል፣ ሥነ ምህዳርና የሰው አካል። 12 የላብራቶሪ ሥራዎች ከጽሑፍ ሪፖርት ጋር ተሠርተዋል። ማርክ፦ የምዕራፍ ፈተና 50 በመቶ፣ የላብራቶሪ ሪፖርት 30 በመቶ፣ ማጠቃለያ ፈተና 20 በመቶ።" ይህ በቂ ነው፤ ምስጋና አይጨመርበትም።

ሁሉም ኮሌጅ ይህን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ግን በአጭር ቀን ይጠይቃል። እያንዳንዱ ትምህርት ባለቀበት ሳምንት አንድ አንቀጽ ብትጽፉ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ሰነዱ በራሱ አልቆ ይጠብቃችኋል። የላብራቶሪ ሪፖርቶቹን፣ ሦስት አራት ድርሰቶችንና የማጠቃለያ ፈተናዎቹን በየዓመቱ ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከቤት ውጭ የሚያረጋግጥ ማስረጃ

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ይገባል። ሁሉም ኤ የሆነ፣ ሁሉም ኤ በእናት የተሰጠ ትራንስክሪፕት ብቻውን ብዙ አያሳምንም። እናት ትዋሻለች ብሎ የሚያስብ የለም፤ የሚወዳደርበት ሚዛን ስለሌለ ነው። ሚዛኑን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ ነው ብለን እናምናለን። አንድ ሴሚስተር እውነተኛ ክፍል ውስጥ ከማያውቀው አስተማሪ ፊት የተገኘ ቢ፣ ቤት ከተሰጡ አምስት ኤዎች በላይ ይናገራል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰውም የሚገኘው ከዚያው ነው።

ሜሪላንድ ያላችሁ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ኖቫ ተብሎ የሚጠራውን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጠይቁ፤ ሁለቱም የሃይስኩል ዕድሜ ያላቸውን ተማሪዎች በዱዋል ኢንሮልመንት (ከሃይስኩሉ ጎን ለጎን የኮሌጅ ኮርስ በመውሰድ) ይቀበላሉ። ዋሽንግተን ስቴት ራኒንግ ስታርት የሚባለው ፕሮግራም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን፣ የሆምስኩሎቹን ጨምሮ፣ ከትምህርት ክፍያ ነፃ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ምዝገባው በአካባቢው ዲስትሪክት በኩል ያልፋል። ጆርጂያም ለሆምስኩል ተማሪ የዱዋል ኢንሮልመንት ክፍያ የሚሸፍን የስቴት ፕሮግራም አላት።

10ኛ ካለቀ በኋላ በሰመር ወይም 11ኛ ሲጀመር በአንድ ኮርስ ጀምሩ። ለመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ድርሰት ኮርሱን እንመርጣለን፤ ቀጥሎ ላብራቶሪ ያለው ሳይንስ። ቤት ውስጥ ለማሟላት የሚከብዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የደረጃ መመደቢያ ፈተና ስላለ ያለ ዝግጅት አይግባ፤ ፈተናው ዝቅ ካደረገው ክሬዲት የማይሰጥ ኮርስ ላይ ይመደባል። አንድ ሴሚስተር የሚፈጀውን ባለ 3 ክሬዲት የኮሌጅ ኮርስ ብዙ የሆምስኩል ቤተሰቦች በትራንስክሪፕታቸው እንደ 1 የሃይስኩል ክሬዲት ይይዙታል፤ የተከተላችሁትን ስሌት ግርጌው ላይ ጻፉት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የኮሌጅ ውጤት አይፋቅም። 16 ዓመቱ ላይ ያገኘው ኤፍ ለሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክትም ይጠየቅበታል። ኮርሱ እየከበደው ከሄደ፣ ያለ ማርክ የሚወጣበት የመጨረሻ ቀን ሳያልፍ ያቋርጥ፤ ቀኑን ሴሚስተሩ ሲጀመር ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት። ሌላው ደግሞ ልጁ ኮሌጅ ከገባ፣ 18 ባይሞላውም እንኳ፣ መዝገቡ በሕግ የእሱ ነው። ወላጅ ደውሎ ውጤት ቢጠይቅ ኮሌጁ የመንገር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ አስተማሪውን ማነጋገር፣ ኢሜይል መጻፍ፣ ሲቸግረው እርዳታ መጠየቅ ልጁ ራሱ ሊለምደው ይገባል።

ፈተናን በተመለከተ፣ ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰደውን ኤስኤቲን 11ኛ ክፍል በስፕሪንግ መውሰድና ካስፈለገ በኦገስት ወይም በኦክቶበር መድገም ጊዜ ይሰጣል። ሲመዘገብ ትምህርት ቤት በሚለው ቦታ የሆምስኩሉ ኮድ 970000 ነው፤ ሌላው የመግቢያ ፈተና ለሆነው ለኤሲቲ 969999። በሰፈራችሁ ያለውን ሃይስኩል ስም ካስገባችሁ ውጤቱ ወደማያውቁት ትምህርት ቤት ይሄዳል። የተማሪ መታወቂያ ስለሌለው ፓስፖርት ይዞ መሄድ ይቀላል። ፈተናው አሁን በላፕቶፕ ነው፤ ብሉቡክ የሚባለውን መተግበሪያ ከቀናት በፊት ጭኖ ይለማመድበት። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰቦች ከክፍያ ነፃ መውሰድ ይችላሉ፤ የሆምስኩል ተማሪ ይህን የሚያገኘው በአካባቢው ሃይስኩል ካውንስለር በኩል ነው፣ የገቢ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

"ፈተና ግዴታ አይደለም" የሚሉ ኮሌጆች በዝተዋል። አንዳንዶቹ ግን በትንሹ ፊደል "ከሆምስኩል ተማሪዎች በስተቀር" ብለው ይጽፋሉ። ኤምአይቲ ከሁሉም ይጠይቃል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓት የሆነው ዩሲ በተቃራኒው ለመግቢያ ውሳኔ የማንንም ውጤት አይመለከትም። የእያንዳንዱን ኮሌጅ የሆምስኩል ገጽ ሳታነቡ አትወስኑ። ግዴታ ባይሆንም ጥሩ ውጤት ካለው ላኩት።

የኤፒ ፈተና በሜይ ይሰጣል፤ የሚያዘው ግን በፎል ነው፣ ያውም በትምህርት ቤት በኩል። ኦገስት መጨረሻ ላይ በአካባቢያችሁ ያሉትን ሃይስኩሎች እየደወላችሁ የኤፒ አስተባባሪውን "ከውጭ ተማሪ ትቀበላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው እምቢ ሊል ይችላል፤ ወደ ሦስተኛውና አራተኛው ደውሉ። ጃንዋሪ ላይ መጠየቅ የጀመረ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አያገኝም።

ኮመን አፕ ላይ የወላጅ ሥራ

ኮመን አፕ፣ ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ፣ በየዓመቱ ኦገስት 1 ለአዲሱ ዙር ይከፈታል። ልጁ አካውንቱን ሲከፍት ትምህርት ቤት በሚለው ላይ ሆምስኩልን ይመርጣል፤ ከዚያ ወላጁን ካውንስለር አድርጎ ይጋብዛል። ወላጁ ለዚህ የራሱ ኢሜይል ያስፈልገዋል፤ ከልጁ ጋር አንድ ኢሜይል መጠቀም ሁለቱን አካውንት ያደባልቃል። ልጁ ከመጋበዙ በፊት ደብዳቤዎቹን የማየት መብቱን ስለመተው ይጠየቃል። በአብዛኛው መተዉ ይመከራል፤ አንባቢው ደብዳቤውን በነፃነት የተጻፈ አድርጎ ያየዋል።

ወላጁ በራሱ አካውንት ውስጥ የትምህርት ቤት ሪፖርት የሚባለውን ይሞላል፦ ለምን ሆምስኩል እንደመረጣችሁ፣ ማርክ እንዴት እንደምትሰጡ፣ ልጁ ከቤት ውጭ የት የት እንደተማረ። ትራንስክሪፕቱን፣ የትምህርቶቹን መግለጫና ስለ ሆምስኩላችሁ የሚያስረዳ አንድ ገጽ በፒዲኤፍ ያያይዛል። የክፍል ደረጃ የሚለው ላይ ደረጃ እንደሌለ ይገለጻል፤ "ከ1 ተማሪ 1ኛ" ብሎ መጻፍ አያምርም። "ለምን ሆምስኩል" ለሚለው ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅሬታ አትጻፉ። ልጁ በዚህ መንገድ ምን ሊያገኝ እንደቻለ ጻፉ፤ በሁለት ዓመት ሦስት ዓመት ሒሳብ መጨረሱን፣ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ መሄዱን።

የካውንስለር ደብዳቤው ለብዙ ወላጅ ይከብዳል፤ በእንግሊዝኛው ምክንያትም፣ የራስን ልጅ ማመስገን ስለሚያሳፍርም። አጭር ይሁን፣ አንድ ገጽ። ጎበዝ፣ ትሑት፣ ታዛዥ የሚሉ ቃላት ከመደርደር ይልቅ ያያችሁትን ንገሩ፦ ያልገባውን የፊዚክስ ምዕራፍ ሦስት ሳምንት ይዞት እንደቆየና እንዴት እንደተወጣው። ቀላል እንግሊዝኛ ምንም ነውር የለውም። በአማርኛ ጽፋችሁ የምታምኑት አዋቂ ሰው ይተርጉመው ወይም ያርመው። ልጁ ራሱ እንዲጽፈው ግን አታድርጉ፤ ድርሰቱና የእናቱ ደብዳቤ በአንድ ብዕር የተጻፉ መሆናቸውን ልምድ ያለው አንባቢ ወዲያው ያውቃል።

የአስተማሪ ደብዳቤ ከወላጅ አይቀበሉም። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አስተማሪ፣ ከኦንላይን ክፍል አስተማሪ ወይም ለረጅም ጊዜ ካስጠናው ሰው ይሁን። ኮርሱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአካል ይጠይቅ፤ አስተማሪው ሌላ ቦታ ሊሄድ ስለሚችል የግል ኢሜይሉንም ይውሰድ። የንስሐ አባት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪ ወይም አሠልጣኝ የሚጽፈው እንደ ተጨማሪ ደብዳቤ ይገባል፤ የአስተማሪን ቦታ አይተካም።

ማመልከቻው ከተላከ በኋላ የግማሽ ዓመት ሪፖርት አለ። መደበኛ ትምህርት ቤት በራሱ ይልከዋል፤ እናንተን ግን የሚያስታውሳችሁ የለም። የፎሉን ውጤት ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ ላይ በዚያው አካውንት ላኩ።

የልጁ ድርሻ

ድርሰቱ እስከ 650 ቃል ነው። ስለ ሆምስኩል መሆን የለበትም፤ ያንን ወላጅ ጽፎታል። ስለሚያስጨንቀው ወይም ስለሚወደው አንድ ነገር ይጻፍ።

የእንቅስቃሴዎች ዝርዝር 10 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ 150 ሆሄ ብቻ። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ራሳቸውን ያሳንሳሉ። ክሊኒክና ባንክ እየሄዱ ለአያታቸው ማስተርጎም፣ እናት በሌሊት ፈረቃ ስትሠራ ታናናሾችን ማሳደር፣ በቤተሰብ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ገንዘብ መቀበል፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ፊደል ማስቆጠር፣ ሁሉም ይጻፋሉ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ተብሎ። ለቤተሰብ የሚደረግ ሥራ ራሱን የቻለ ምድብ አለው፤ አያፍርበት።

ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ሆኖ በኮሌጅ ደረጃ መወዳደር ከፈለገ የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ላይ ይመዝገብ። ለዲቪዥን 1 (ለከፍተኛው የውድድር ደረጃ) የታወቁ 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ይፈለጋሉ፤ 10ሩ ከ12ኛ ክፍል በፊት ማለቅ አለባቸው። የሆምስኩል ተማሪ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቅጽ ስለሚሞላ የመግለጫው ሰነድ እዚህም ይጠቅማችኋል።

ገንዘቡ

ፋፍሳ በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል። የሃይስኩል ሁኔታ በሚለው ጥያቄ "ሆምስኩል" የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ምረጡ። ዲፕሎማ የሚለውን መርጦ የሰፈርን ትምህርት ቤት ስም ማስገባት ማጣራት ያስከትላል። ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ነው። ወላጅ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም አካውንት መክፈት ይችላል፤ ማረጋገጫው ጊዜ ሊፈጅ ስለሚችል ሴፕቴምበር ላይ ጀምሩ። ለ2025–26 ከፍተኛው ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ 7,395 ዶላር ነበር። ብዙ የግል ኮሌጆች ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል የእርዳታ ቅጽ ይፈልጋሉ፤ እዚያ ላይ ወደ አገር ቤት ለወላጅ የምትልኩትን ገንዘብና ሌላውን የቤተሰብ ሸክም ልዩ ሁኔታ በሚለው ቦታ ግለጹ።

የጆርጂያ ነዋሪዎች ደግሞ ይህን አስቡበት፦ ሆፕ የሚባለው የስቴቱ ስኮላርሺፕ ዕውቅና ከሌለው ሆምስኩል ለተመረቀ ልጅ መስፈርቱ የተለየ ነው። መጀመሪያ ባያገኘው እንኳ፣ ብቁ በሆነ ኮሌጅ 30 የሴሚስተር ሰዓት በ3.0 ሲጨርስ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊከፈለው ይችላል። ማንም አስታውሶ አይነግራችሁም፤ ራሳችሁ ጠይቁ።

አርሊ ዲሲዥን የሚባለው የቅድሚያ ማመልከቻ ዙር በብዙዎቹ ኮሌጆች ኖቬምበር 1 ወይም 15 ይዘጋል፤ ከተቀበሉት የመግባት ግዴታ አለበት። የእርዳታ ደብዳቤዎችን ማወዳደር ለሚያስፈልገው ቤተሰብ የመግባት ግዴታ የሌለበት የቅድሚያ ዙር፣ አርሊ አክሽን፣ ወይም በጃንዋሪ መጀመሪያ የሚዘጋው መደበኛው ዙር ይሻላል።

ከተቀበሉት በኋላ

ትምህርቱ ሲያልቅ የምረቃ ቀን ያለበትን የመጨረሻ ትራንስክሪፕት ፈርማችሁ ላኩ። ከወሰዳቸው የኮሌጅ ኮርሶች ደግሞ ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ይላክ፤ እናንተ ስካን አድርጋችሁ የላካችሁት አይቆጠርም። ዲፕሎማ ማዘጋጀት የወላጅ መብት ነው፤ በጥሩ ወረቀት አሳትማችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። የክትባት መዝገቡ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ይጠየቃል፤ ኢትዮጵያ የተከተበውን የሚያሳየው ካርድ ከጠፋ ሐኪሙ በደም ምርመራ ሊያረጋግጥለት ወይም ሊደግምለት ይችላል፣ ይህም ሳምንታት ይወስዳል።

የተፈረመውን ትራንስክሪፕትና ዲፕሎማ በፒዲኤፍ ሁለት ቦታ፣ በወረቀት ደግሞ አምስት ቅጂ አስቀምጡ። የነርሲንግ ፕሮግራምም ሆነ ቀጣሪ ከዓመታት በኋላ የሃይስኩል ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያን ጊዜም ደውሎ የሚያስወጣበት ቢሮ የእናንተ ቤት ነው።